«ተቆጠረ» ሲባል ቆጣሪው ማን ነው?



በእንግሊዝኛ በተጻፉ ደንቦችና ማስታወቂያዎች ውስጥ «ዲም» የሚባል ግሥ ደጋግሞ ያጋጥመናል። ብዙዎቻችን «አሰበ» ብለን እናልፈዋለን። እንዲህ ማለፉ ጉዳት አለው ባይ ነኝ።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ መፍረድ ነበር። በማን ደሴት ዳኞች እስከ ዛሬ «ዲምስተር» ይባላሉ። እንግዲህ ዲም ማለት ዝም ብሎ ማሰብ ሳይሆን አመዛዝኖ መበየን፣ «ነው ብሎ መቁጠር» ነው። በጓደኛሞች ጨዋታ ላይ እምብዛም የማይሰማውም ለዚህ ነው። «ሻዩ ጣፋጭ ነው ብዬ በይኛለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ አይሳቅበትም ትላላችሁ?

በሕግ ቋንቋ ደግሞ ያልሆነውን እንደሆነ ማስቆጠሪያ ነው። አሠራሩን ለመረዳት በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን 2ኛ አንቀጽ እንመልከት። የተጸነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ፣ ኋላም በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ከሆነ፣ እንደተወለደ ይቆጠራል። ልጁ ገና በማኅፀን ነው፤ ሕጉ ግን ለእሱ ሲል ተወልዷል ይላል።

ሰዋስውንም አንርሳ። «ዲም ኢት ኔሰሰሪ» ይባላል እንጂ መካከሉ ላይ «አዝ» አይገባም። አነባበቡም ረዘም ይላል፤ ካላስረዘምነው ከደብዛዛ ብርሃን ቃል ጋር ይምታታል።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ይህ ግሥ አብዛኛውን ጊዜ በተደራጊ ግሥ መልክ ይመጣና ፈራጁን ይደብቃል። «ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ይቆጠራል» የሚል ደንብ በእንግሊዝኛ ቢለጠፍ፣ «ይታሰባል» ብሎ ያለፈው ልጅ ፍርድ እንደተሰጠበት እንኳ አያውቅም። ቆጣሪው ማን ነው? በምን ማስረጃ? ታሞ ከነበረስ ማስረዳት ይችላል?

«በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ቃል ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ተማሪዎች ዐረፍተ ነገሩን ወደ አድራጊ ግሥ ይለውጡትና የፈራጁን ስም ይጻፉበት፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ነገ እኛም ቀይ እስክሪብቶ እንይዛለን። «ብቁ አይደለም ተብሎ ተቆጥሯል» ብለን ስንጽፍ ቆጣሪዎቹ እኛው ነን። ስለዚህ «እኔ መምህሩ፣ በዚህና በዚህ ምክንያት» ብለን መጻፍን ከአሁኑ እንልመድ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።