ቢራቢሮዋ ከነአባጨጓሬዋ



በክረምቱ እረፍት ከጀመዓችን የተወሰንን ተማሪዎች ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ጎብኝተን ነበር። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ቢራቢሮዎቹ ከየቁጥቋጦው ብቅ ብቅ አሉ፤ ሁላችንም «ሱብሓነላህ» አልን። በየግቢው ግን ቅጠል የሚበላ አባጨጓሬ ከታየ ይረገጣል፤ ካልሆነም መድኃኒት ይረጭበታል። ሁለቱ አንድ ፍጡር መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል፦ እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ፣ ቢራቢሮ።

ቢራቢሮ አበባ ብቻ አይበቃትም። እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ ሊበሉት በሚችሉት ተክል ላይ ነው። ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር ክንፍ ያላት አንዷ ዝርያ ለምሳሌ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ትመርጣለች፤ ቅጠሉንም በእግሯ ቀምሳ ትለየዋለች። ያ ቅጠል ከሌለ ግቢውን በአበባ ብንሞላውም አትራባም።

ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ የተበሳሳ ቅጠል ለምን ያስከፋናል? ዘንድሮ ዝናቡ ሳያልቅ በየዶርሙ አጠገብ የሎሚ ችግኝ እንትከል። ፍሬው ለእኛ ይሆናል፤ ከቅጠሉ ጥቂቱን ለአባጨጓሬዋ እንተውላት። በጋ ሲገባ ውኃ የማጠጣቱን ተራ እንከፋፈል። አላህ ይቀበለን።