ጭረቷ ድምፅ ስትሆን

ይህ ዓምድ አማርኛን በሥራ ላይ ሳሉ ለሚማሩ ሹማምንት እስከ ዛሬ ይበልጡን ስለ ሰዋስው ሲያወሳ ቆይቷል። ዛሬ ግን ቃሉን ትተን ቃሉ የለበሰውን ልብስ፣ ይኸውም የኅትመቱን ፊደል መልክ ልንመለከት ፈቅደናል። ነገሩ የአታሚዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ይኖሩ ይሆናል። ዳሩ ግን አንድ የእህል ቤት ኃላፊ «ሰጠ» ተብሎ የተጻፈለትን ሰነድ መርማሪው «ሸጠ» ብሎ ቢያነብበት፣ የሰውየው ዕጣ የሚቆመው ከፊደሉ ራስ ላይ ባለችው አንዲት መስመር ላይ ነው።

የላቲን ፊደል በሚጻፍባቸው አገሮች ሰሪፍ የምትባል ነገር አለች። በየጭረቱ ጫፍ ላይ የምትጨመር ትንሽ መርገጫ ስትሆን፣ በጥንት ሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ሳትቀር ትታያለች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተዘጋጀው ታይምስ ኒው ሮማን የተባለው የፊደል ዓይነት በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ምሳሌዋ ነው። ከላቲኑ «ኤን» ላይ መርገጫዎቹ ሁሉ ቢነሡ ፊደሉ ያው «ኤን» ነው፤ መርገጫ ጌጥና የዓይን መሪ እንጂ ድምፅ አይደለችምና።

በእኛ ፊደል ግን እንዲህ አይደለም። «በ»ን እንውሰድ። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ብንቀጥልበት «ቡ» ይሆናል፤ ያችኑ ጭረት ወደ እግሩ ሥር ብናወርዳት «ቢ»፤ በዚያው ሥር ቀለበት ብናደርግበት «ቤ»፤ የግራ እግሩን ብናሳጥር ደግሞ «ባ»። ስለዚህ የላቲንን መርገጫ እንዳለ አንሥቶ በግዕዝ ፊደል እግር ላይ የሚተክል ሠዓሊ ግዕዙን ሳልስ ለማድረግ ጥቂት ይቀረዋል። ራስ ላይ ጌጥ ለመጨመር የሚሻም እንደዚሁ «ሰ»ን ወደ «ሸ»፣ «ነ»ን ወደ «ኘ» እንዳይገፋ መጠንቀቅ አለበት።

ታዲያ የፊደላችን ውበት ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከመቃ ብርዕና ከብራና ነው። ብርዑ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀረጽ ቋሚው ጭረት ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። በጎንደር ዘመን ጕልሕ የተባለውን ደልዳላ አጻጻፍ ያየ ሰው፣ ከሩቅ እንኳ የሚነበበው በዚህ የወፍራምና የቀጭን ልዩነት እንደ ሆነ ይረዳል። ይህን መልክ ወደ ኅትመት ለማምጣት የመጀመሪያው ሙከራ በሮም ተደርጎ፣ መዝሙረ ዳዊት በ1513 ታተመ፤ በ1548ም አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚያው አሳተሙ። ለአንባቢዎቻችን ግን ይበልጥ የሚቀርበው የሉዶልፍ ታሪክ ይመስለናል። ሉዶልፍ በጀርመን የጎታ መስፍን ሹም ነበር፤ አማርኛን ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ1698 በፍራንክፈርት የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። (በሥራ ብዛት ለሚያመካኙ ተማሪዎቻችን ይህን በጆሮ ብንነግራቸው አይቀየሙንም።)

በአዲስ አበባ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም የእርሳስ ፊደል ለቃሚዎች ሥራ እንዴት አድካሚ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በዚያ ላይ ዲቃሎቹና አኃዞቹ አሉ።

አሁን ወደ ድንበሩ እንሻገር። በሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ከጎንደር በእግራቸው የወጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ያረፉበትና ብዙዎችም የሞቱበት ሰፈር ነው። ቄሶቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር። ኋላ ተዘግቶ የነበረው ይኸው ሰፈር በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ለተሻገሩ ስደተኞች እንደ ገና ተከፈተ። የእነዚህ ቋንቋ በአብዛኛው ትግርኛ ቢሆንም ፊደሉ ያው ነው። ቤቱን ጥሎ ለመጣ ሰው በስም ዝርዝር ላይ ያለችው ስሙ ዳቦውም ድንኳኑም ናት፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ፊደል ሲመረጥ ከጌጥ አስቀድሞ መነበቡ ይታሰባል።

የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው ኒያላ፣ እንዲሁም አቢሲኒካ የተባለው፣ የብርዑን ወፍራምና ቀጭን ጠብቀዋል፤ ኢብሪማ ግን ጭረቱ ሁሉ እኩል የሆነ ነው። እኛ ለመጽሐፍና ለረጅም ደብዳቤ የፊተኞቹን እንመርጣለን። በፀሐይ ላይ ለሚሰቀል ማስታወቂያና በደካማ ማተሚያ ለሚባዛ የስም ዝርዝር ግን ቀጭኑ ጭረት ቶሎ ስለሚጠፋ፣ እኩሉ ይሻላል እንላለን። በማናቸውም ቢሆን ፊደሉን ማሳነስ ወረቀት ይቆጥብ እንጂ አንባቢን ይጎዳል።

አንባቢዎቻችን ራሳቸው ይፈትኑት። ሰጠ፣ ሸጠ፤ ሰማ፣ ሸማ፤ ካሳ፣ ከሳ፤ ወሰደ፣ ወሰዱ የሚሉትን በሁለት ዓይነት ፊደል በትንሹ አሳትመው፣ አንድ ጊዜ በማባዣ ካባዙ በኋላ ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ለጓደኛቸው ያስነብቡ።