ማታር ላይ የቆመ ክሬን ናፍጣ ማን ይከፍላል?

ማታርን ለማታውቁ፦ ጋምቤላ ክልል፣ ኑዌር ዞን ውስጥ ያለች፣ ለደቡብ ሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ክሬን የሚፈለገው ለፎቅ አይደለም፤ የድልድይ ቱቦ፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር ለማውረድና ለመትከል ነው። ሥራው ደግሞ ወቅት አለው። ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል፣ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ከባድ ማሽን ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በበጋ ያላለቀ ሥራ ለከርሞ ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ የሚያስተጓጉለው ብዙ ጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም፤ በጊዜው ያልተቀየረ ፊልትሮ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ በሐምሌ 2014 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ወደ ዳር አገር ሲሄድ ደግሞ ማጓጓዣ ይጨመርበታል። የመለዋወጫም ነገር እንደዛው ነው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እናም ባለማሽኑ «ፊልትሮው ትንሽ ይቆይ» ይላል።

ቢቆይ ምን ይሆናል? የአየር ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያ ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፣ ማለትም የወጣ ብር። በበርሜል የሚመጣ ናፍጣ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ ስለሚገባ፣ ውሃ መለያው ጠዋት ጠዋት ካልተፈሰሰ ኖዝል ይበላሻል። የሃይድሮሊክ ፖምፓው ሲያረጅ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል፤ ኦፕሬተሩ ያንኑ ዕቃ ለማንሳት ነዳጅ አብዝቶ መርገጥ አለበት። የጋምቤላ ሙቀት ሲጨመርበት ዘይቱ ይቀጥናል፣ ማምለጡም ይብሳል። ራዲያተሩ በሣርና በአቧራ ከተዘጋ ደግሞ የባሰ ነው።

የሽቦ ገመዱና መዘውሩስ? ግሪስ ያላየ ገመድ ሰበቃው ይጨምራል፣ ቶሎም ይበላል። እዚህ ጋ ግን ጉዳዩ ከናፍጣ ያልፋል። ክሮቹ እየተበጠሱ ያለ ገመድ መቀየር ነው ያለበት፤ ሥሩ የሚቆመው ሰው ነውና።

ይሄን ሁሉ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን አይሠራም? እኛ መልሱ ያለው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን የኪራይ ውሉ ላይ ነው እንላለን።

ብዙ ማሽን የሚከራየው «ያለ ነዳጅ» ነው። ጥገናው የባለማሽኑ፣ ናፍጣው የተከራዩ ማለት ነው። ስለዚህ ፊልትሮ የሚገዛው አንዱ፣ ባለመገዛቱ የሚከስረው ሌላው ነው። ተከራዩ መንግሥት ወይም ለመንግሥት የሚሠራ ተቋራጭ ሲሆን ደግሞ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ሕዝብ ላይ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ኪራዩ በማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ከሆነ፣ ቆጣሪው ሞተር እስከበራ ድረስ ይቆጥራል። ዕቃ አነሳ አላነሳ አይጠይቅም። በሚኒሞ መቆም ለባለማሽኑ ገቢ ነው።

በምሳሌ እናስላው። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሳይሠራ በርቶ ሲቆም በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይበላል። በቀን 2 ሰዓት ያለ ሥራ ቢበራ 6 ሊትር፣ በወር 26 የሥራ ቀን 156 ሊትር ነው። በ98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲባዛ ከ15,400 ብር በላይ። ይሄ የአንድ ክሬን የአንድ ወር ወጪ ነው፣ አንድም ዕቃ ሳያነሳ።

ምን ይደረግ? አዲስ ማሽን ግዙ አንልም። የኪራይ ውል ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚበላ ይመዝገብ፤ ከዚያ በላይ ከበላ ልዩነቱን ባለማሽኑ ይክፈል፤ ያለ ሥራ የቆመበት ሰዓት አይከፈልበት። ያኔ ፊልትሮ መቀየር ለባለማሽኑም ያዋጣል።

ኦፕሬተር ወይም ረዳት የሆናችሁ ደግሞ ስልካችሁ በእጃችሁ ነው። በየቀኑ የተቀዳውን ሊትርና የሠራውን ሰዓት ጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ ፍጆታው ከፍ ካለ የሆነ ቦታ ታሟል።

አዲስ አበባ ላይ ማሽን ቢበላሽ መለዋወጫው የታክሲ መንገድ ነው። ማታር ላይ ግንቦት ውስጥ ቢቆም ግን ዝናቡ ይቀድመዋል፤ ቱቦው ሳይቀበር፣ መንገዱ ሳይሻገር ይከርማል። የሚከፍለውም ያን ክረምት በውሃ ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ነው።