ብርጭቆ ነፊው ወደ ገጠር ሲመጣ

በ1868 እ.ኤ.አ. አንድ የብሩክሊን የብርጭቆ ፋብሪካ ዕቃውን በጀልባ ጭኖ፣ በሃድሰን ወንዝና በኤሪ ቦይ አድርጎ፣ ኮርኒንግ ወደምትባል ትንሽ የኒውዮርክ ከተማ ገባ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም ምድጃ በጀልባ ላይ ተክሎ በዚያው የውኃ መንገድ ተጓዘ። በቦዩ ዳር ባሉ ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች እየቆመም ብርጭቆ ሲነፋ በነጻ አሳየ።

“ይህ ለገጠር ሰው ምን ይረባዋል?” የሚል አይጠፋም። ጀልባው ሲሄድ ምድጃውም አብሮ ይሄዳልና ጥያቄው እውነት አለው። ነገር ግን ሙያን ያላየ ልጅ ሙያውን አይመኝም። ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ብርጭቆ እንደ ወፍራም ማር በብረት ቱቦ ጫፍ ሲጠቀለል፣ በትንፋሽ ሲነፋ፣ ከዚያም እንዳይሰነጠቅ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ሲበርድ ያየ ተማሪ፣ ስለ ሙቀት የተማረው ትምህርት ነፍስ ይዘራበታል።

እዚህም ቢሆን ጠጁን በብርሌ የሚጠጣው ብዙ ነው፤ ብርሌ ሲሠራ ያየው ግን ጥቂት። የሙያ ኤግዚቢሽን ሁልጊዜ ትልቅ ከተማ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የገጠር ልጅ የዕቃው ገዢ እንጂ ሠሪ አይሆንም።

አዘጋጆች ግን በአንድ ቀን ትርኢት አይብቃቸው። አጭር ሥልጠና ይስጡ፤ ፍላጎት ያሳየውን ወጣት ከባለሙያ ጋር አገናኝተው ይመለሱ። አለበለዚያ ትርኢቱ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል።

ለመሆኑ ቀጣዩ የሙያ ኤግዚቢሽን ከአዲስ አበባ ወጥቶ የትኛው ወረዳ ይቆማል?