ቤት የመታ፣ ቤት ያልገባ

ካት፣ ባት፣ ራት፣ ሃት፣ ማት።

በጠዋት መቱ ከተማ ውስጥ በአንዱ መዋዕለ ሕፃናት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው ይህን ዜማ ሳይሰማ አይቀርም። ጎሬ ውጡ፣ ሁሩሙ ጎራ በሉ፣ በደሌ ዝለቁ፣ ዜማው ያው ነው። አርባ ሕፃን በአንድ ድምፅ ያወርደዋል። በር ላይ የቆመ ወላጅ ይሰማና አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። «ልጄ እኮ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች» ይላል ለጎረቤቱ። ጎረቤትየውም ይቀናና በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ልጅ እዚያው ያስገባል።

የዚህን ወላጅ ደስታ ማበላሸት ደስ አይለኝም። ዝም ማለትም አልሆነልኝም። ልጅቷ የምታንበለብለው እንግሊዝኛ አይደለም፤ ዜማ ነው። በእኛ አነጋገር ቃልና ቃል በመጨረሻ ድምፃቸው ሲገጥሙ «ቤት መታ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ቤት መትተዋል፤ አልክድም። የልጆቻችን ቤት ግን አልገቡም።

ማጣራት ለሚፈልግ ሰው ፈተናው ቀላል ነው፤ ልጁን ትርጉሙን መጠየቅ። እኔ ጠይቄያለሁ። በዚያው አገር በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ ዝርዝሩን አንድም ሳይስት የተወጣውን ልጅ «ራት ምን ማለት ነው?» ብለው፣ «ማታ የሚበላው» አለኝ። «ባትስ?» ስለው ጎንበስ ብሎ እግሩን አሳየኝ። ልጁ ትክክል ነው። በሚያውቀው አማርኛ ራት ራት ነው፣ ባትም ባት ነው። አንደኛው አይጥ፣ ሁለተኛው የሌሊት ወፍ መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነገርለት ጓደኛውም «ሀንቱተ» የሚላት አይጥ ይህቺው «ራት» መሆኗን አልሰማም። ጭብጨባው ግን ቀለጠ።

እንዳትሳሳቱብኝ። እኔ ቤት የሚመቱ ቃላትን ማስተማር አልጠላም። እንዲያውም ለእንግሊዝኛ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መሰላል ጥቂት ነው። ብራድሌይና ብራያንት የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 400 የሚጠጉ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት፣ ቤት የሚመቱ ቃላትን በጆሮው የሚለይ ሕፃን በኋላ ንባብ እንደሚቀናው አሳይተዋል። አሜሪካዊው ዶክተር ስዩስም እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመውን ስለ ባለ ባርኔጣዋ ድመት የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ በ236 የተለያዩ ቃላት ብቻ፣ ቤት እያስመታ ጽፎ ዓለምን አዳርሷል። ዘዴው ዘዴ ነው።

ግን አንድ ነገር ተረስቷል። የኦክስፎርዶቹ ልጆች «ካት» ሲባሉ ድመቷን ያውቋታል። ከእናታቸው ጋር አብረው ሲያባርሯት ነው ያደጉት። ቃሉ ከነትርጉሙ ቤታቸው አለ፤ ትምህርት ቤት የሚጨምርላቸው ፊደሉን ነው። የመቱ ልጅ ግን ድምፁም አዲስ ነው፣ ፊደሉም አዲስ ነው፣ ትርጉሙም አልተነገረውም። እኛ መሰላሉን ስናመጣ የሚደገፍበትን ግድግዳ እዚያው ትተነው መጣን። ግድግዳ የሌለው መሰላል ደግሞ ወዴት እንደሚያወጣ እናንተው ፍረዱ።

እንግሊዝኛ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያምኑት ቋንቋ አይደለም። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች በሚሉ አራት ፊደላት የሚያልቁ ቃላት አሉ። አንዱ «ታፍ» ይባልና ጠንካራ ማለት ይሆናል። ሌላው «ኮፍ» ይባልና ሳል ይሆናል። ሦስተኛው «ስሩ» ተብሎ አልፎ መሄድን ያሳያል። ፊደላቸው አንድ፣ ድምፃቸው ለየቅል። በተቃራኒው ሁለት ቁጥር «ቱ»፣ ጫማ «ሹ»፣ ሰማያዊ «ብሉ» በጆሮ ቤት ይመታሉ፤ በጽሑፍ ግን መጨረሻቸው አይመሳሰልም። ምክንያቱ ታሪክ ነው። ካክስተን የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፤ የሰዉ አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። ስለዚህ በዜማ ብቻ የተማረ ልጅ ሲጽፍ ይጠፋል፣ በፊደል ብቻ የተማረም ሲያነብ ይጠፋል። ትርጉም የያዘ ልጅ ግን ቢጠፋም የሚመለስበት አለው።

የሚገርመኝ ደግሞ መቱ ላይ ትልቅ ዕድል ተቀምጦ መባከኑ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በግና መርከብ በአንዲት አናባቢ ነው የሚለያዩት። አማርኛ ብቻ የለመደ አፍ ሁለቱንም «ሺፕ» ብሎ ያልፋቸዋል። አፋን ኦሮሞ ግን አናባቢን ማሳጠርና ማስረዘም ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። «ለፈ» ሲያጥር መሬት ነው፤ «ላፋ» ሲረዝም ለስላሳ ነው። በቁቤ ሲጻፍም አጭሩ በአንድ፣ ረጅሙ በሁለት አናባቢ ነው። ይህን ከእናቱ ጋር የጠባ ልጅ በጉ ረዘም፣ መርከቡ አጠር እንደሚል ለመያዝ ደቂቃ አይፈጅበትም። የእንግሊዝኛው ልዩነት በርዝመት ብቻ የሚያልቅ ባይሆንም ለጀማሪ መነሻ ይበቃል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በአፍ መፍቻው የተናገረውን ልጅ እናስቀጣዋለን! ቁልፉን ከእጁ ቀምተን በሩን ክፈት እንለዋለን።

በግና መርከብን መለየት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኢሉባቦር እንግሊዝኛን ዛሬ አይደለም ያየችው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ወንዝ ላይ፣ ጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። የጎሬ ቡና በዚያ በኩል በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ ጎሬ ላይም የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። ነጋዴ የባዕድ ቃል የሚማረው ለሚዛኑና ለዋጋው ነው እንጂ ለዜማው አይደለም። ቡናዬን በበግ ጫንኩት የሚል ነጋዴ ይከስራል። እኛ ልጆቻችንን እያሰለጠንን ያለነው እንደዚያ ነጋዴ እንዲከስሩ ነው።

ትርጉም ያለው ትምህርት እንዴት እንደሚጀመር ለማየትም ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የተወለዱት ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥተው የተማሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ከማሳተማቸው በፊት፣ በ1894 ከአስቴር ጋኖ ጋር የንባብ መማሪያ አሳትመዋል። ፊደሉ የግዕዝ ነበር። በውስጡ ያስገቡት ግን ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን ተረትና ዘፈን ነው። ልጁ ፊደሉን ሲለይ የሚያውቀው ነገር ከወረቀቱ ላይ ብቅ ይልለታል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የሁሩሙ ልጅ ያወቀውን እኛ ዛሬ እንዴት ጠፋን?

«ተው እባክህ፣ ሕፃናት ናቸው፤ መጀመሪያ ድምፁን ይልመዱ፣ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል» የሚሉኝ አሉ። በኋላ መቼ? ይህ «በኋላ» ሲመጣ አላየሁትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ሕፃናት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአፍ መፍቻቸው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በኦሮሚያ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማርና 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፕላዝማ የሚባለው ጉድ መጥቶ፣ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሲከንፍ ተማሪው አፉን ከፍቶ እንደቀረ ያ ትውልድ አይረሳውም። ልጁ በዚያ ሰዓት የሚያደርገውን ያደርጋል፤ በመዋዕለ ሕፃናት የለመደውን። ትርጓሜውን ትቶ ቃሉን ይሸመድዳል። «ኦስሞሲስ» ምን እንደሆነ ሳያውቅ አንቀጹን ከነነጥቡ ይወጣዋል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቁጥሩ የታወቀ ነው። 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። ይህ ሁሉ በ«ካት ባት» የመጣ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ሳይገባቸው መሸምደድን ለልጆቻችን መጀመሪያ ያስተማርናቸው፣ ያጨበጨብንላቸውም እዚያ ነው።

መምህሯ ላይ ጣቴን አልቀስርም። «ሚስ» የሚሏት ልጅ በትንሽ ደመወዝ አርባ ሕፃን ይዛ የምትውል ናት፤ እሷም የተማረችው እንዲሁ ነው። ጥያቄዬ ለባለቤቶቹና ለእኛ ለወላጆች ነው። ባለቤቱ የሚሸጠው እኛ የምንገዛውን ነው። ዜማ ስንገዛ ዜማ ይሸጥልናል። ትርጉም ብንጠይቅ ትርጉም ያቀርባል፤ ነጋዴ ነዋ!

ደግሞስ ምን ችግር አለው? አገሩ ራሱ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ቡና አገር አይደል? የቡና ፍሬ «ቢን» ነው፣ ያልተቆላው «ግሪን» ይባላል፣ የተለቀመው «ክሊን» ነው። ሦስቱም ቤት ይመታሉ፣ ሦስቱም ልጁ ጓሮ አሉ። አንድ እፍኝ ቡና ክፍል ይዞ መግባት ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ድምፁ አንድ ሆኖ «ቢን» በኢና ኤ፣ «ግሪን» በሁለት ኢ እንደሚጻፉ ማሳየት። ማር አገር አይደል? ንብ «ቢ»፣ ዛፍ «ትሪ»። ማር «ሃኒ»፣ ገንዘብ «ማኒ»። አባቱ ማሩን ገበያ አውጥቶ ገንዘብ ሲያመጣ ያየ ልጅ እነዚህን ሁለት ቃላት ሲሞት አይረሳቸውም።

በቀን አራት ቃል ይበቃል። ቃሉ ይነገር፤ ነገሩ ወይም ሥዕሉ ይታይ፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ ልጁ በሚያውቀው፣ ስሙ ይጠራ፤ ልጁ በቃሉ አንድ ነገር ይበልበት። ዓመቱ ሲዘጋም መቶ ቃል ካወረደው ይልቅ አሥር ቃል ለተረዳው ይጨብጨብለት። ወላጅም ነገ ልጁን ሲቀበል «ዛሬ ስንት ቃል ያዝሽ?» ማለቱን ይተውና «ምን ማለት ነው?» ይበል። ክፍያ የለውም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም።

ቤት መምታት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቤት መምታቱ ብቻ አያስመሰግነውም፤ መምህሩ ምስጢሩን ይጠይቀዋል። የአፋን ኦሮሞው «ሂቦ»ም ምላሽ የሚሻ ነው። «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ሁለቱ ቤት ይመታሉ፣ ግን ጨዋታው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ መልሱ ሲፈለግ ነው። ልጆቻችንን «እንቆቅልህ» ብለን መልሱን ሳንነግራቸው ወደ ቤት እየላክናቸው ነው። አገር እንስጣችሁ እንኳ ማለት አልቻሉም፤ መጠየቃቸውን ማን ነገራቸው?