ሰው ሆድ ብቻ ነው እንዴ?

ድርቅ በመጣ ቁጥር ሹሞቻችን የሚያውቁት ቋንቋ አንድ ነው፤ ኩንታል። ይህን ያህል ስንዴ ተጓጓዘ፣ ይህን ያህል ዘይት ታደለ ይሉናል። ከዚያ ጭብጨባ! እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የተራበ ሰው ሆድ ብቻ ነው ወይ ያለው?

ቦረናን እንይ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናቡ ቀረ። ከብቱ ረገፈ። ለእኛ ለከተሜዎቹ ላም ማለት ወተት ናት። ለቦረና ግን ከብት ክብር ነው፣ ከሰው ፊት ቆሞ የሚናገርበት አፉ ነው። መንጋው ሲያልቅ አባወራውም አብሮ ያልቃል። ትናንት የከብት ጌታ የነበረ ሽማግሌ ዱብሉቅ መጠለያ ውስጥ ለስንዴ ሲሰለፍ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው ማን ጠየቀው?

«የባህሉ መረዳጃ አለው» ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ቡሳ ጎኖፋ አለው። ከብቱ ላለቀበት ጎሳው አዋጥቶ ይተካለታል፤ ሰውየውም ብቻዬን አይደለሁም ብሎ ያንሰራራል። የሁሉም በረት ባዶ ሲሆን ግን ማን ለማን ያዋጣ?

«አቅም የለንም» የሚለውን ዘፈን ደግሞ ሰልችተነዋል። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ ይውረድ ይላል፤ በወረቀት! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። እንቅልፍ ያጣውን፣ እህል የተወውን፣ «መኖር በቃኝ» ያለውን ለይተው እንዲያውቁ ማሠልጠን ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። መድኃኒቱም ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ አይጥፋ። ከተማ ሂዶ ይታከም ማለት ግን ቀልድ ነው፤ ስንዴ የሚጠብቅ ሰው የአውቶቡስ ከየት ያመጣል?

ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃም። በረቱ ባዶ የሆነበትን ሰው «አይዞህ» ብሎ መሸኘት ፌዝ ነው። ጊደርና ፍየል ይተካለት፤ ለእሱ ይህም ሕክምና ነው። ለሆቴል ዎርክሾፕ የሚወጣው አበል ስንት ፍየል ይገዛ ነበር?

በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መደበቅ ንጉሡን ዙፋን ካሳጡት ነገሮች አንዱ ነበር። የረሃብ አጥንት ውሎ አድሮ በፎቶግራፍ ይጋለጣል። የተሰበረ መንፈስ ግን ፎቶ አይነሣም፤ ለመደበቅም ይመቻል። ስለዚህ በሚቀጥለው የእርዳታ መግለጫ ከኩንታሉ ጎን አንድ ቁጥር እንፈልጋለን፤ ስንት ሰው ታከመ?