ስለ ምንጣፍ አጠባና ስለ ቤት እንስሳት ደኅንነት

ለቤቱ ጽዳት የሚደክም ሰው ሊመሰገን እንደሚገባው የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የሚያጸዳበትን ነገር ሳይመረምር ምንጣፉን ብቻ ቢያነጻ፥ አንዱን ጕዳት በሌላ ጕዳት መለወጡ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በወልድያ፥ በመርሳና በጠቅላላው በሀብሩ ለሚኖሩ ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን፥ ምንጣፍን በጥቂት ወጪ የቤት እንስሳትንም ሳይጎዱ ለማጽዳት የሚቻልበትን መንገድ ልናስረዳ አስበናል።

በአገራችን ቤት የሚነጠፈው ልዩ ልዩ ነው። ከመንዝ በግ ጠጕር የተሠራ ባና አለ፤ ከገበያ የሚገዛ ስጋጃ አለ፤ አጎዛና ሰሌንም አለ። በዚሁ ላይ እንግዳ ይቀመጥበታል፥ ሕፃን ይድህበታል፥ ሙስሊሙም ወገናችን ይሰግድበታል። ለሚሰግድበት ሰው የድመት ሽንት የነካው ስጋጃ የሽታ ነገር ብቻ ሳይሆን የንጽሕና ነገር ነው። ቢሆንም ድመቷ እህሉን ከአይጥ፥ ውሻውም ግቢውን ከሌባ የሚጠብቁልን ስለ ሆነ፥ ስጋጃ ቆሸሸ ተብሎ እነርሱን በመርዝ ማጣት አይገባም።

ድመት ገላዋን የምታጸዳው በምላሷ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። እንግዲያስ በምንጣፉ ላይ የቀረው ማጽጃ በመዳፏ ተለጥፎ ወደ ሆዷ ይገባል። የሚድህም ሕፃን እጁን ወደ አፉ ማግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ማናቸውም ማጽጃ ከመፍሰሱ አስቀድሞ «ይህ ነገር ቢላስ ይጎዳልን?» ተብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ምርመራ የሚወድቁት ብዙዎች ናቸው። ቁንጫ ይገድላል ተብሎ የሚረጨው ላምባ ለሚልሰው እንስሳ መርዝ ነው፤ ከዚህም በላይ ቤት ያቃጥላል። በረኪና የበግ ጠጕርን ይበላል፤ በቆየ ሽንት ላይ ቢፈስም ሳንባን የሚጎዳ እንፋሎት ያወጣል። ውኃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣ፥ የመድኃኒት ሽታ ያለው የጀርም ማጥፊያም ለድመት ክፉ ነው፤ የድመት ጕበት እንዲህ ያለውን ነገር ለማስወገድ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ደካማ ነውና።

መርሳና አካባቢዋ በፍራፍሬ የታወቁ ስለ ሆኑ፥ ሎሚና ብርቱካን በእጅ ይገኛል ብሎ በልጣጩ ምንጣፍ የሚያሽ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ድመትን ይጎዳል፤ ጭማቂውም ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም ያለቅቃል።

እንዶድስ እንዴት ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ነገሩ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። እናቶቻችን ሸማ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ ከውኃ ጋራ ሲመታ አረፋ ያወጣል፥ እድፍንም ያስለቅቃል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፥ ግኝታቸው ለብዙ ሕዝብ ተስፋ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠርም እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይህ እንዶድ ኃይል ያለው ነገር መሆኑን ያስረዳል፤ ዓሣንም ይገድላል። ሸማ በብዙ ውኃ ስለሚለቀለቅና ስለሚጨመቅ እንዶዱ ይወጣለታል፤ ከባድ ስጋጃ ግን ስለማይጨመቅ እንዶዱ በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ እንዶድ ለሸማ እንጂ ለምንጣፍ አይሁን፤ እጣቢውም ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ አይፍሰስ።

እንግዲህ በምን እናጽዳ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። አስቀድሞ ምንጣፉን በገመድ ላይ ሰቅሎ በጀርባው በኩል በዱላ መምታት ነው፤ ጠጕሩን ቈርጦ የሚያስረጀው በውስጡ የተቀመጠው አቧራ ነውና። አቧራው ሳይወጣ ውኃ ቢነካው ጭቃ ይሆናል።

ድመት ወይም ውሻ የሸናበት እንደ ሆነ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ማስመጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋልና። ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ አርሶ ደግሞ ማስመጠጥ ነው። ሙቅ ውኃ ሽታውን ስለሚያጸናው አይሆንም። ቀጥሎም 1 ብርጭቆ አቼቶ በ2 ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ፥ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ቀለሙ አለመልቀቁን ፈትኖ፥ ቦታውን ማራስና ማድረቅ ነው። አቼቶ የበግ ጠጕርን አይጎዳም፤ የአመድ ውኃ ግን ይጎዳዋል።

ቦታው ከደረቀ በኋላ ሽታው ያልለቀቀ እንደ ሆነ፥ ለዳቦ የሚጨመረውን ቤኪንግ ሶዳ በስሱ ነስንሶ፥ በሩን ዘግቶ አሳድሮ በማለዳ በብሩሽ ፈጽሞ ማንሣት ነው። እንስሳ በብዛት ቢልሰው ያሳምመዋልና እስኪነሣ ድረስ አይቅረቡት። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ግን ሥጋን የሚያቃጥል ሌላ ነገር ስለ ሆነ፥ በስሙ መመሳሰል ማንም እንዳይሳሳት አጥብቀን እናሳስባለን። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶንም በአንድ ጠርሙስ ቀላቅሎ መክደን አይገባም፤ ኃይላቸው ይጠፋል፥ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል።

ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ መድከም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። «ድመት ብትመነኵስ አመሏን አትረሳ» የተባለው እውነት ነው፤ ሽታው ወደ ቀረበት ቦታ ተመልሳ ትሸናለች።

ቅቤ ወይም የወጥ ዘይት ለፈሰሰበትም የበቆሎ ዱቄት ነስንሶ፥ ቅባቱን ከመጠጠ በኋላ ጠርጎ፥ የቀረውን በጥቂት ለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማንሣትና በንጹሕ ውኃ መጥረግ ይበቃል።

ሙሉውን ምንጣፍ ለማጠብ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ይመረጣል። በክረምት የራሰ ስጋጃ ሳይደርቅ ሻግቶ ይበሰብሳልና፥ በሐምሌና በነሐሴ እድፍ ያለበትን ቦታ ብቻ ማንሣት ይሻላል። የመርሳና የሀብሩ ቆላ ፀሐይም ብርቱ ስለ ሆነ፥ ቀለሙ እንዳይለቅ ፊቱን ገልብጦ ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት ይገባል።

በመጨረሻም፥ ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ እንስሳው አንዳች ማጽጃ ልሶ ለሃጩን ቢያዝረከርክ ወይም ቢንቀጠቀጥ፥ በግድ ላስመልሰው ሳይሉ፥ የላሰውንም ነገር ከነዕቃው ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ፈጥነው እንዲያደርሱት አንባቢዎቻችንን በማሳሰብ የዛሬውን በዚህ እንፈጽማለን።